ጋሽ ታደሰ ካረፉ በኋላ የበራው መብራት

ነገሩ የሆነው በኢሕአዴግ ዘመን ነው። ሞባይል ስልክ ቦንጋ ገብቶ ገና ያልተለመደበት፣ ኔትወርክ ፍለጋ ከቤት ወጥተን አጥር ላይ የምንንጠላጠልበት ጊዜ ነበር። እኔ በሙያዬ ያልገባኝ ነገር ጥቂት ነው። ይሄኛው ግን እስከ ዛሬ አልገባኝም። ከአእምሮዬ ያልወጣውም ለዚህ ይመስለኛል።

ሙያ ያስተማረኝ ሰው የለም። በልጅነቴ የአባቴን ሬዲዮ ፈታሁ፣ ተገረፍኩ፣ መልሼ ገጠምኩት፤ ከበፊቱ የበለጠ ጮኸ። ከዚያ ወዲህ ቦንጋ ውስጥ ተበላሽቶ በእጄ ያላለፈ ሬዲዮ፣ ቴፕ፣ ቴሌቪዥን የለም ብል አላጋነንኩም። ከዋጫና ከቢታ ገነት ድረስ በአይሱዙ ጭነው ያመጡልኝ ነበር። "ጋሽ መኮንን ካላዳነው ቅበሩት" ይባላል። እኔ አላልኩም፤ ሰው ነው ያለው።

ጋሽ ታደሰ ከሸዋ መጥተው በዋናው መንገድ ዳር ጨርቅ የሚነግዱ ሰው ነበሩ። በስተርጅና ደም ግፊት ጣላቸው። ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ አለ፣ አንደበታቸውም ተያዘ። የሚተኙት ከሱቁ ጀርባ ባለው ክፍል ነው። ባለቤታቸው እትዬ ዘነበች አጠገባቸው እንዳይውሉ ሱቁ አለ፤ ሱቁ ውስጥ እንዳይውሉ ደግሞ በሽተኛው ሰው መጥራት አይችሉም። "መላ ይፈልጉልን" ብለው ወደ እኔ መጡ።

መላ ከእኔ አይጠፋም። ከአዲስ አበባ ያስመጣኋት የቻይና ሪሲቨር ነበረችኝ። የዲሽ አይደለችም፤ መዳፍ የምታክል ሳጥን ናት፣ ያለ ሽቦ ከሪሞት ትእዛዝ ተቀብላ መብራት የምታበራ። ሪሞቷ አራት ቁልፎች አሏት። አጠቃቀሙ የተጻፈው በቻይንኛ ነበር፤ እኔ በሙከራ ደረስኩበት። ሪሲቨሯ ላይ ያለችውን ትንሽ ቁልፍ ነካ አድርገህ የሪሞቱን ቁልፍ ስትጫን ጠቋሚዋ ብልጭ ብልጭ ትላለች። መዝግባዋለች ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ያንን ሪሞት እንጂ ሌላ አትሰማም። ያችኑ ትንሽ ቁልፍ አጥብቀህ ይዘህ ከቆየህ ደግሞ የመዘገበችውን ሁሉ ትደመስሳለች።

ከባንኮኒው በላይ ባለ 12 ቮልት አራት ትናንሽ አምፖሎች ደረደርኩ። ነጩ ውሃ፣ አረንጓዴው ምግብ፣ ቢጫው አገላብጡኝ፣ ቀዩ "ነይ" ማለት ነው። ቁልፉ ሲያዝ እንዲበራ፣ ሲለቀቅ እንዲጠፋ አደረግሁት። ጋሽ ታደሰ በግራ አውራ ጣታቸው እየዳሰሱ እንዲያገኙት በቀዩ ቁልፍ ላይ የሸሚዝ አዝራር ለጠፍኩበት። ይህን ማንም አላሳየኝም፤ ከራሴ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ቀዩ ሲበራ እትዬ ዘነበች ሜትራቸውን ጥለው ሮጡ። ጋሽ ታደሰ ምንም አልፈለጉም፤ በሚታዘዝላቸው የከንፈራቸው ጎን እየሳቁ ነበር። ከዚያ በኋላ ከሁሉም አብዝቶ የሚበራው ቀዩ ሆነ።

ክረምቱ ሲገባ ጋሽ ታደሰ አረፉ። ሪሞቷም አብራ ጠፋች። አልጋው ተገለበጠ፣ ፍራሹ ተፈተሸ፣ የለችም። "ከመግነዙ ጋር ገብታ ይሆናል" ተባለና ተተወ። ሪሲቨሯን ልነቅላት ስል እትዬ ዘነበች "ትቆይልኝ" አሉ። እዚያው ቀረች።

ተዝካሩ ካለፈ በኋላ አንድ ቀን ከቀትር በኋላ፣ እትዬ ዘነበች ለደንበኛ ጨርቅ እየለኩ ሳለ ቀዩ አምፖል በራ።

ደንበኛውም አይቷል። በራ፣ ጠፋ፣ በራ፣ ጠፋ። እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው የሚጫነው ይመስል ነበር። በማግስቱ ምንም የለም። በሦስተኛው ቀን ያንኑ ሰዓት ጠብቆ እንደገና በራ። እንዲህ አንድ ቀን እየዘለለ ቀጠለ። ነጩ፣ አረንጓዴው፣ ቢጫው ሞተው ቀሩ፤ የሚበራው ቀዩ ብቻ ነው።

እትዬ ዘነበች መልስ መስጠት ጀመሩ። "መጣሁ ታዴ፣ መጣሁ" እያሉ ወደ ባዶው ክፍል ይገባሉ። ወጥተው አምፖሉ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። ገበያተኛው ሸሸ፤ ልጆች ሱቁ ጋ ሲደርሱ መሮጥ ጀመሩ። ወሬው ጅማ ደረሰና እዚያ አስተማሪ የሆነችው ልጃቸው ሶስና መጣች። ቀጥታ ወደ እኔ ነው የመጣችው።

"ጋሽ መኮንን፣ ይደምስሱልኝ።"

"ምኑን?"

"ያንን ሳጥን። እናቴ ከአምፖል ጋር እያወራች ነው። ካልተወችው ሱቁን ዘግቼ ጅማ ይዣት እሄዳለሁ።"

"እሳቸውስ ምን ይላሉ?"

"እሷማ ከዚህ ቤት የሚወጣው ሬሳዬ ነው ትላለች።"

ሳቅሁ። "የሞተ ሰው ሪሞት አይጫንም ልጄ" ብያት ዕቃዬን ይዤ ሄድኩ። ሱቁ ገብቼ ወንበር ላይ ወጣሁና ጣቴን ትንሿ ቁልፍ ላይ አሳረፍኩ።

"ጋሽ መኮንን! እጅዎን!" እትዬ ዘነበች ሱሪዬን ያዙኝ።

"እትዬ፣ ይሄ እኮ የዕቃ ብልሽት ነው።"

"እርስዎ ራስዎ ያልተመዘገበ ሪሞት አትሰማም ብለውኝ የለም? ታዲያ የምትሰማው የማንን ነው? የእሱን ነዋ! ደምስሰው ቢሄዱ ሁለተኛ ገደሉት ማለት ነው።"

አነጋገራቸው የሙያ ሰው አነጋገር ነበር። ጣቴ ከቁልፏ ሳይነሳ፣ ፊቴ ላይ ቀዩ በራ። በራ፣ ጠፋ፣ በራ። ሙቀቱ ግንባሬን ነካኝ። ሶስና "በስመአብ" ብላ ወደ ግድግዳው ተጠጋች። እኔ ከወንበሩ እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም።

ውሃ ጠጥቼ ስረጋጋ መላው መጣልኝ። የሚጠራ ካለ የሚጠራበት ቦታ አለ። "እንግዲህ ነገን ዘልሎ ከነገ ወዲያ ይበራል" አልኳቸው። "ሪሲቨሯን በሞተር ሳይክል ባትሪ አስነስቼ ይዣት እወጣለሁ። ከየት እንደሚጠራ እፈልጋለሁ። ካጣሁት ግን እደመስሳለሁ፤ እርስዎም ያለ ክርክር ጅማ ይሄዳሉ።"

እትዬ ዘነበች ባንኮኒው ላይ የተዘረጋውን ጨርቅ አጣጥፈው መለሱ። "እሺ" አሉ በኋላ። "ግን አብሬ እሄዳለሁ።"

በቀኑ ቦንጋን ጭጋግ ውጧት ነበር። ባትሪውን፣ ሪሲቨሯንና ቀዩን አምፖል በዘንቢል አድርጌ ወጣሁ። እናትና ልጅ ከኋላዬ ናቸው። ወዴት እንደምንሄድ ማንም አልተናገረም። እግራችን ግን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወሰደን፤ ሦስታችንም የምናስበው መቃብሩን ነበር።

መቃብሩ ጋ ደርሰን ቆምን። ከጽዱ ጠብታ ሲወድቅ ይሰማል። አምፖሉን አፈሩ አጠገብ አስጠጋሁት። ምንም የለም። እትዬ ዘነበች ጎንበስ ብለው "ታዴ" አሉ በቀስታ። ምንም የለም።

"በቃ እማዬ፣ አየሽው አይደል?" አለች ሶስና። እያለቀሰች ነበር።

እትዬ ዘነበች ቀና ብለው ነጠላቸውን ተከናንበው ቀድመው ወጡ። ቃላቸውን ሊጠብቁ ነው። እኔም ሱቁ ስደርስ የማደርገውን አውቀዋለሁ። ከአስፋልቱ ይልቅ በአቋራጩ፣ ወደ ወንዙ በሚያዘቀዝቀው የእግር መንገድ ይዣቸው ወረድኩ። ቁልቁለቱን ጋመስ ስናደርግ ዘንቢሌ ቀላ።

ጭጋጉ ውስጥ ቀይ ብርሃን ሲዘረጋ አይታችሁ ታውቁ እንደሆነ አላውቅም። እጄ፣ ሣሩ፣ የሶስና ፊት፣ ሁሉም ደም መሰለ። በራ፣ ጠፋ፣ በራ።

ቶሎ ብዬ አንቴናዋን ነቀልኩ። ያለ አንቴና ሪሲቨሯ የምትሰማው ቅርብ ያለውን ብቻ ነው። አሁንም በራ። ላኪው አጠገባችን ነው ማለት ነው። ወደ ኋላ መለስ ስል ጠፋ፤ ወደ ፊት ስራመድ በራ። እንዲህ እያልን የእንሰት ተክል ውስጥ ገባን። ከቅጠሉ መሀል አንዲት ጎጆ ብቅ አለች። ጭስ የላት፣ ድምፅ የላት።

"ቤቶች!" አልኩ። መልስ የለም። በሩን ገፋሁት።

መደቡ ላይ የጋሽ ታደሰ ካፖርት ተጋድሟል። ያ ግራጫ ካፖርት፣ ሲታመሙ አልጋ ላይ እንኳ የማያወልቁት። ካፖርቱ ይንቀጠቀጣል። እሱ በተንቀጠቀጠ ቁጥር እጄ ላይ ያለው አምፖል ይበራል።

እውነቱን ልናገር፣ እኔ ደፉ ላይ ቀረሁ። ያለፉኝ እትዬ ዘነበች ናቸው። "መጣሁ" ብለው ካፖርቱን ገለጡት።

ከሥር የተኛው ኮጪቶ ነበር። ኮጪቶ ለሱቁ ለብዙ ዘመን ጨርቅ ሲሸከም የኖረ ሰው ነው። በተዝካሩ ሰሞን የጎረቤት ሴቶች የሟቹን ልብስ ለድሃ ሲያከፋፍሉ ካፖርቱ ለእሱ ደርሶታል። እትዬ ዘነበች በሐዘን ላይ ስለነበሩ ለማን ምን እንደተሰጠ አላወቁም። ኮጪቶ ወደ ጎጀብ ቆላ ለሥራ ወርዶ ወባ ይዞት ተመልሷል። ብቻውን የሚኖር ሰው ነው። ዓይኑ ይገለጣል እንጂ አያይም፤ ጥርሱ ይንገጫገጫል፤ ሁለት እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ ካፖርቱን ጨምድዶ ይዟል።

በቃሬዛ ተሸክመን ሆስፒታል አደረስነው። ሐኪሙ "ወደ ጭንቅላቱ ሊወጣ ነበር፤ ዛሬን አያድርም ነበር" አለ።

እኔ ካፖርቱን ፈተሽኩ። የውስጥ ኪሱ ተቀዷል፤ ሪሞቷ በቀዳዳው ሾልካ ገበሩ ውስጥ ገብታለች። ነገሩ ተፈታልኝ። ወባው አንድ ቀን እየዘለለ ሲያንቀጠቅጠው ኮጪቶ ካፖርቱን ደረቱ ላይ ይጨመድዳል፤ እኔ የለጠፍኩት አዝራር ከሌሎቹ ከፍ ስለሚል የሚጫነው ቀዩ ብቻ ነው። ሪሞቷን ከፍቼ ባትሪዋን በቴስተር ለካሁት፤ መርፌው ተነቃነቀ ለማለት ብቻ ተነቃነቀ። ይህንንም ፈታሁት። ያለቀ ባትሪ ሲሞቅ ትንሽ ነፍስ ይዘራል፤ ያሞቀው የሰውየው ትኩሳት ነው። በራሴ ኮራሁ።

ኮጪቶ ነፍስ ሲያውቅ እትዬ ዘነበች ተቆጡት። "ምነው አንተ፣ እንዲህ ስትሆን አትጠራኝም?"

"እትዬ፣ ሰው የለኝ፤ በማን ልጥራ?"

"እሱስ ጠርተኸኛል" አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ካፖርቱን ልመልስ ቢል "ለብሰህ ጨርሰው" አሉት።

ሶስና ወደ ጅማ የተመለሰችው ብቻዋን ነው። መኪናው ሲነሳ "እማዬን አብዳለች ማለቴን ለሰው እንዳይነግሩብኝ" አለችኝ። አልናገርም ብያት ነበር፤ አሁን ግን ብዙ ዘመን ሆነው፣ ይቅር ትለኛለች።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። እኔ ግን ሥራዬን ሳልፈትሽ የማድር ሰው አይደለሁም። አንድ ከሰዓት ሪሞቷ ውስጥ አዲስ ባትሪ ከትቼ፣ ሪሲቨሯን ሱቁ ውስጥ በቦታዋ መልሼ፣ ኮጪቶ ጎጆ ሄድኩ። መደቡ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ኔትወርኩም ቀንቶኝ፣ ለእትዬ ዘነበች ስልክ ደወልኩና ቀዩን ተጫንኩት።

"በራ?"

"አልበራም።"

"አሁንስ?"

"ኧረ አልበራም።"

ከጎጆው ወጥቼ ተጫንኩ። እንሰቱን አልፌ ተጫንኩ። ቁልቁለቱን ወጥቼ፣ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጋ ቆሜ ተጫንኩ። አልበራም። በአዲስ ባትሪ አምፖሉ የበራው ከሱቁ ጥቂት ቤቶች ሲቀሩኝ ነው። ከጎጆውና ከሱቁ መሀል ኮረብታ አለ፤ ያቺ ሪሞት ኮረብታ የማለፍ አቅም የላትም፣ ኖሯትም አያውቅም። በሌላ ቀን ሞከርኩ። አንቴናዋን በመዳብ ሽቦ አስረዝሜ ሞከርኩ። ጭጋግ በወረደበት ቀን ሞከርኩ።

በመጨረሻ እትዬ ዘነበች በስልኩ ሳቁብኝ። "ጋሽ መኮንን፣ ምን ይለፋሉ? ለእርስዎ አትበራም። እርስዎ ምን ሆነው ነው የሚጠሩኝ?"

ከዚያ በኋላ አልሞከርኩም። መናፍስት የሚባል ነገር ዛሬም አላምንም። ምክንያት አለው፤ ምክንያት የሌለው ነገር የለም። እኔ ያላገኘሁትን ቦንጋ ውስጥ ማን እንደሚያገኘው ግን አላውቅም።

አሁን አርጅቻለሁ። ዓይኔ ደህና ነው፣ እጄም አልተንቀጠቀጠም፤ የብየዳ ካውያ ይዤ ከጎረምሳ እኩል እሠራለሁ። ጭጋግ ሲወርድ ግን በዚያ አቋራጭ ብቻዬን አልሄድም፤ በአስፋልቱ እዞራለሁ። የሚጠይቀኝ ካለ ጉልበቴን ያመኛል እላለሁ።