የእትዬ ብዙነሽ ጆንያ ለምን ባዶ ሆነ

ዲራ በሚባለው የዱባይ ሰፈር፣ ዕቃ ወደ አገር ቤት የሚልክ ካርጎ ቢሮ ሥራ የጀመርኩ ቀን የተረከብኩት የመጀመሪያ ዕቃ የሚሽከረከር ወንበር ነው። ስድስት ዓመት ሻርጃ ሰው ቤት ሠርቼ፣ ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ በዕረፍት ቀኔ በስልኬ ተምሬ፣ ይኸው ባለ ወንበር ሆንኩ። ማንም ሳያየኝ ሁለቴ ዞርኩበት።

የካርጎው ባለቤት ጋሽ ታደሰ ግን አይተውኛል። የደንበኞችን ዕቃ የሚመዘግብ ፕሮግራም እንድጽፍ የሦስት ወር ሙከራ ሰጡኝ። ፕሮግራሙ ከሠራ ቪዛዬን በቢሮው ስም ያወጡልኛል፤ ካልሠራ ወደ ቤት ሥራ መመለሴ ነው።

ነጋዴዎቻችን ዕቃ የሚገዙት በአንዴ አይደለም። ቀኑን ሙሉ ከሱቅ ሱቅ እየዞሩ፣ የገዙትን በየጊዜው እያመጡ አንድ ጆንያ ውስጥ ይከታሉ። ለእያንዳንዱ ጆንያ በፕሮግራሙ ውስጥ አንድ ኦብጀክት፣ ማለትም የዕቃውን ዝርዝር የሚይዝ መዝገብ፣ ይፈጠራል።

በፓይተን ኦብጀክት የሚወለደው በሁለት እርምጃ ነው። «ኒው» የተባለው ክፍል ይፈጥረዋል፤ «ኢኒት» የተባለው ያሰናዳዋል፣ ማለትም ስም ይጽፍለትና ባዶ ዝርዝር ይሰጠዋል። የምታስገቡት ስምና ስልክ ለሁለቱም ይደርሳል። እኔ ብልጧ፣ ለአንድ ደንበኛ ሁለት ጆንያ እንዳይከፈት ብዬ ኒውን «ስልኩን ካወቅኸው አዲስ አትፍጠር፣ የድሮውን መልስ» አልኩት። በራሴ ኮራሁ።

ሙከራዬ ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው ፕሮግራሙ ሥራ ጀመረ። እትዬ ብዙነሽ የተባሉ ነጋዴ ጠዋት አንሶላ አስመዘገቡ። ረፋድ ላይ ጫማ ይዘው ተመልሰው ስማቸውንና ስልካቸውን ዳግም ሳስገባ አንሶላው ከስክሪኑ ጠፋ። ከሰዓት የልጆች ልብስ ሲያመጡ ጫማውም ጠፋ። ጆንያው ግን ወለሉ ላይ ተወጥሮ ተቀምጧል።

«ልጄ፣ ይሄ ማሽንሽ ይበላል እንዴ?» አሉኝ።

የጭነት መኪናው አሥር ሰዓት ላይ ይመጣል፤ ዝርዝሩ ካልታተመ ጆንያው አይጫንም። የጻፍኩትን ከላይ እስከ ታች አነበብኩ፣ ምንም አላገኘሁም። ጋሽ ታደሰ ሰዓታቸውን አዩ።

«እስከ አሥር ካልተስተካከለ ኸላስ፣ አበቃ፣ ወደ ማዳምሽ ትመለሻለሽ።»

ማዳም ሲሉ የሻርጃዋ አሠሪዬ ትዝ ብላኝ ሳቄ አመለጠኝ። አራት ዓመት ካገለገልኳት በኋላ ለዕረፍት አገሬ ሄጄ ስመለስ፣ ማዳም በሩ ላይ ተቀብላ እንደ አዲስ ገቢ ቤቱን አስጎበኘችኝ፦ ይሄ ኩሽና ነው፣ ይሄ መወልወያ ነው። እኔ ያው የድሮዋ ነኝ፤ እሷ ግን ከሀ ጀመረች። የኔም ኢኒት እንደዚያው ነበር። ኒው የድሮውን ጆንያ ቢመልስም፣ ኢኒት ያንኑ ስምና ስልክ ተቀብሎ እንደ አዲስ ያሰናዳዋል፤ ባዶ ዝርዝርም ይሰጠዋል።

ጋሽ ታደሰ አበደች ብለው ነው መሰል ውሃ አመጡልኝ። ኢኒት ላይ አንድ መስመር ጨመርኩ፦ ቀድሞ ተሰናድቶ ከሆነ አትንካው። ከዚያ እትዬ ብዙነሽ ጆንያቸውን ፈትተው ዕቃውን እየጠሩ፣ እኔ እየሳቅኩ እንደገና መዘገብን። ሆን ብዬ ሦስቴ በስማቸው ከፈትኩት፤ ዝርዝሩ ንቅንቅ አላለም። መኪናው ሲደርስ ወረቀቱ ታትሞ ነበር።

በማግስቱ ጋሽ ታደሰ ለቪዛው ፓስፖርቴን ጠየቁኝ። በወንበሬ ዞርኩ፣ በዚህ ጊዜ ፊታቸው።

ለጀማሪዎች የምለው ይህን ነው፦ የሚፈጥረው የድሮውን ቢያውቅም የሚያሰናዳው አያውቅምና፣ ከማሰናዳቱ በፊት ይጠይቅ። ማዳምም ጠይቃኝ ቢሆን ኖሮ፣ መወልወያው የት እንዳለ የማሳያት እኔ ነበርኩ።