የእናቴ ዓይንና የጎረቤታችን ክሊም

እናቴ ዓይኗ እየደከመ መሆኑን የነገረችኝ የስፌት መኪናዋን ለሌላ ሰፊ ልትሰጥ ቃል ከገባች በኋላ ነው። እናቴ እንዲህ ናት፤ ጨርሳ ነው የምታማክረው።

ከአገር ርቀን በምንኖርባት የወደብ ከተማ፣ ካርቲየ 2 በሚባለው ሰፈር የሙሽራ ቀሚስ እየሰፋች ያሳደገችኝ በዚያች በእግር በምትሠራ መኪና ነው። «ከቀትር በኋላ ጭልም ይልብኛል፣ መልሶ ቦግ ይላል። እርጅና ነው ልጄ። ለቁልቢ ገብርኤል ተስያለሁ። ካልሆነም ድሬዳዋ እህቴ ጋ ሄጄ ልረፍ» አለችኝ።

«መብራቱስ ቢሆን?» አልኳት።

«ማታ ስትመጪ ደህና አይደል እንዴ የሚበራው?»

እውነቷን ነው። ከወደብ ሥራዬን ጨርሼ ስገባ አምፖሉ ምንም አይለውም።

አንድ ቀን ታዲያ እልል እያለች በር ላይ ተቀበለችኝ። «ስለቴ ሰመረ! ቀኑን ሙሉ ስሰፋ ዋልኩ!» ተቃቅፈን ጨፈርን። በማግስቱ ማታ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታ አገኘኋት። ተመልሶ ጨልሞባታል።

ነገሩ ሲከነክነኝ አመሸ። ስለቷ ሰመረ ባለችበት ቀን ምን የተለየ ነገር ነበር? ለካ ያን ዕለት ከኢትዮጵያ የሚመጣው ጫት ሳይገባ ቀርቶ ከተማው ሁሉ አኩርፎ ነው የዋለው! ቀትር ላይ ጫት ሲገባ ጎረቤታችን ሶማሌዋ ሴትዮ መቃሚያ ክፍሏን ትከፍታለች፤ ክሊሙን፣ ያን አሮጌ የአየር ማቀዝቀዣዋን፣ ታስነሳለች። ማታ እኔ ስገባ ቃሚው ተበትኖ ክሊሙ ጠፍቷል። አከራያችን ደግሞ ግቢውን ለሁለት ሲከፍል ሽቦውን አልከፈለውም፤ ሁለታችንም የምንጠቀመው በአንድ መስመር ነው።

በማግስቱ ከሥራ ቀረሁ። ሙቀቱ እንዳይገባ መስኮቱን እንደ ወትሮው ዘግተን፣ አምፖሉን አብርተን፣ እናቴን መኪናዋ ላይ አስቀምጬ በግድግዳው በኩል ጮህኩ።

«እትዬ፣ እስቲ ክሊሙን ያብሩልኝ!»

ክሊሙ ግርር ሲል አምፖሉ ጭልም፣ ቦግ፣ ጭልም አለ።

«ያጥፉት!»

ቀጥ ብሎ በራ።

«ያብሩት!»

«አንቺ ልጅ፣ ልታቃጥዪብኝ ነው እንዴ?» አለች ከማዶ። አበራችው። ጭልም።

እናቴ አምፖሉን አልነበረም የምታየው፤ እኔን ነው።

«አንቺም ላይ ጨለመ?»

«ጨለመ እንጂ እማዬ! እኔም ላይ ጨለመ!»

ኋላ ኤሌክትሪሺያን ጠርተን የራሳችንን መስመር ዘረጋልን። ያን ቀን ግን ስለ ሽቦ ማን አሰበ? እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ተንሰቀሰቀች። እኔ ደግሞ ሲጨንቀኝ እቆጣለሁና «አሁን ምን ያስለቅስሻል? ዓይንሽ ደህና ነው እኮ!» ብዬ ጮህኩባት።

«ድሬዳዋ ልሄድ የነበረው ለማረፍ መሰለሽ?» አለችኝ። «በወጣትነትሽ ዕውር እናት ስትመሪ እንዳትኖሪ ብዬ ነው።»