ወንድሜ ጣራ ላይ ሆኖ የሰማው ኮሜዲ

ወንድሜ ቴሌቪዥን ጠጋኝ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ የሰው ቴሌቪዥን ሆድ ሲከፍትና ሲዘጋ የኖረ ሰው፣ በእኛ ጊዜ ሕዝብ ሁሉ ያየውን አንድ ኮሜዲ እሱ ብቻ አላየውም ብል ታምኑኛላችሁ? ለሰው ስነግር ውሸት ይመስላል። እውነት ነው ግን፤ ጥፋቱም የኔ ነው።

ኮሜዲው ስለ አንዲት ንፉግ አከራይና ስለ ተከራዮቿ ነበር። ሐሙስ ሐሙስ፣ አመሻሽ ላይ፣ ግማሽ ሰዓት። ዜማውን የሰማ አይረሳውም፤ መጀመሪያ አንድ ሰው ያፏጫል፣ ከዚያ አኮርዲዮን ይገባል፣ መጨረሻ ላይ በር ጓ ብሎ ይዘጋል። ፉጨቱ ሲጀምር መንገድ ላይ የሚጫወት ልጅ ሁሉ ኳሱን ጥሎ ወደየቤቱ ይሮጥ ነበር። እኔ ዛሬም የስፌት መኪናዬ ላይ ቁጭ ብዬ ሳላስበው አፏጨዋለሁ። ደንበኞቼ "ሴት ልጅ ታፏጫለች እንዴ?" ይሉኛል። አዎ፣ ታፏጫለች።

የእኛ ቤት ቴሌቪዥን ግን መከራ ነበር፤ ምስሉ ይመጣል፣ ይሄዳል። አንድ ሐሙስ ወንድሜ አንቴናውን ሊያዞር ጣራ ላይ ወጥቶ ምሰሶውን ጨበጥ ሲያደርገው ምስሉ ጥርት አለ። ሲለቀው ጠፋ። እንደገና ሲጨብጠው መጣ። አባባ በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው "ጎበዝ የኔ ልጅ፤ እንዳትነቃነቅ" አሉት። በቃ፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ ዜማው ሊጀምር ሲል ወንድሜ መሰላሉን ይወጣል፣ በሩ ጓ ሲል እሱ ጣራው ላይ ነው። ሰፈሩም "አንቴናው" ብሎ ስም አወጣለት። እሱ አሥራ አምስት ዓመቱ ነበር፤ እኔ አሥር።

አባባ የሒሳብ አስተማሪ ነበሩ። እናታችን ካረፈች ወዲህ ፊታቸው የሚፈታው በዚያች ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው። የሒሳብ አስተማሪ ልጅ ሒሳብ ሲወድቅ ደግሞ ጉድ ነው፤ ወንድሜ ሁለት ጊዜ ወደቀ። "ካንተ ትምህርት መጠበቅ ከዝንብ ማር መጠበቅ ነው" ይሉት ነበር፣ እራት ላይ፣ እኔ ፊት። እሱ ሳህኑን እያየ ይበላል።

እኔማ የቤቱ እመቤት ነበርኩ። ከአባባ እግር ሥር አንዲት በርጩማ አለች፤ ድሮ የእሱ ነበረች፤ እሱ ጣራ ላይ ሲወጣ ወረስኳት። አንድ ቀን ታዲያ ኮሜዲው መሃል ላይ ሽንቴ መጣና ወደ ጓሮ ወጣሁ። ቀና ስል ወንድሜ ጣራው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብሎ ዳቦ ይገምጣል። ሁለት እጁም ዳቦው ላይ ነው። ሮጬ ወደ ቤት ስመለስ ምስሉ ጥርት እንዳለ ነው። እሱ ከላይ ሆኖ ምስሉን አያይም፤ እንግዲህ ምሰሶው ያለ እሱም እንደሚሠራ ያወቅኩት እኔ ብቻ ነኝ አልኩ። ብናገር ይወርዳል። ከወረደ በርጩማዬን ይቀበለኛል። ሆድ ይፍጀው ብዬ፣ ዓይኔን በጨው ታጥቤ ቁጭ አልኩ።

ሁለት ዓመት ሙሉ ዝም አልኩ። ዝናብ ሲጥል ጆንያ ራሱ ላይ ደፍቶ ይወጣል፤ እኔ ከታች እስቃለሁ። ከዚያ ኮሜዲው አለቀና ለብዙ ዓመት ዳግም አልታየም።

ይሄን የበደልኩት ሰው ማን እንደሆነ ልንገራችሁ። የመጀመሪያዋን የስፌት መኪናዬን የገዛልኝ እሱ ነው። ባሌ ሲሞትብኝ ሱቁን ከመክፈቱ በፊት በየጧቱ በሬን አንኳኩቶ "በልተሻል?" የሚለኝ እሱ ነው። አባባ በመጨረሻ ጉልበታቸው ሲከዳቸው አቅፎ ሽንት ቤት የሚያደርሳቸውም እሱው ነው። ዛሬ ዘመድ ብዬ የምጠራው ሌላ ሰው የለኝም። ነገሩ በሆዴ ውስጥ ሲበላኝ አርባ አምስት ዓመት ሆነው።

ባለፈው ሳምንት ደወለልኝ። "ያ ኮሜዲያችን እሁድ ከሰዓት በኋላ ሊደገም ነው አሉ። ነይ አብረን እንየው፤ እስቲ እኔም አንዴ ከፊቱ ልቀመጥ" አለኝ። ስልኩን ዘጋሁ። ሳልነግረው አጠገቡ ቁጭ ብዬ መሳቅ አልችልም። ብነግረውስ? በዚህ ዕድሜዬ እሱ ቢቀየመኝ ወዴት እገባለሁ?

እሁድ ስሄድ ጢሙን ተላጭቶ፣ ሸሚዝ ተኩሶ ለብሶ፣ መነጽሩን እየወለወለ ጠበቀኝ። ለኮሜዲ። አንጀቴን በላው። ሰውዬው ማፏጨት ሲጀምር ወንድሜ ወንበሩን ወደፊት ሳበ። እኔ ድምፁን ቀነስኩት።

"ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርህ። ከተጣላኸኝም ተጣላኝ" አልኩና ዳቦውንም፣ በርጩማውንም፣ ሁሉንም ዘረገፍኩለት።

ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ አልነቀለም። "እሱማ በሁለተኛው ሳምንት የሠራሁት ነው" አለ። "ሽቦው መጋጠሚያው ላይ ላልቶ ነበር። በናስትሮ ጠቅልዬ አሰርኩት። የመጀመሪያ ጥገናዬ እሱ ነው።"

ደሜ ፈላ። "ታዲያ ሁለት ዓመት ዝናብ ላይ የተገተርከው ምን ልትሆን ነው? እኔ እዚህ በጸጸት ስቃጠል!"

"አትቆጪ" አለ፤ ድምፁ እንደወትሮው ነው። "አባባ በሌላ ቀን ጎበዝ ሲሉኝ ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ሐሙስ ሐሙስ ግን በመስኮት ብቅ ብለው 'ጎበዝ የኔ ልጅ' ይሉኛል። እሱን ይዤ ሳምንቱን እገፋዋለሁ። ተሠርቷል ብዬ ብወርድ ሐሙስም እንደሌላው ቀን ይሆንብኝ ነበር።"

እኔን አባባ በቀን ስንት ጊዜ ጎበዝ ይሉኝ እንደነበር ቆጥሬ አላውቅም። መጥተው ሲሉኝ እንኳ ዞር ብዬ የማላይበት ቀን ነበር። ሻሼን አፌ ላይ አድርጌ አለቀስኩ።

እሱ የቴሌቪዥኑን ድምፅ መልሶ ጨመረና ክንዴን ይዞ ወደ ራሱ ሳበኝ። አከራይዋ ደረጃውን እየወረደች ተከራዮቿን ትሳደባለች። ወንድሜ መነጽሩን አስተካክሎ ትኩር ብሎ ተመለከታት።

"እንዲህ ቀጭን ናት እንዴ?" አለኝ። "ከጣራ ላይ በድምጿ ወፍራም ሴት ነበር የምትመስለኝ።"