የአምበሪቾ ጾመኞች

ተራራ መውጣት ድሮ እንጨት የሚለቅም ሰው ሥራ ነበር። አሁን የእኛ የከተሜዎቹ ሆኗል። ሆሳዕና ውስጥ በእኔ ዕድሜ ያለ ደመወዝተኛ ሁሉ ቅዳሜ ሲመጣ ስኒከሩን አጥብቆ፣ ቦርሳ አንግቦ፣ አንድ ጫፍ ላይ የተነሣውን ፎቶ ቴሌግራም ላይ ካልለጠፈ ሳምንቱ ያለፈ አይመስለውም። እኔ አልወድም፤ ጉልበቴም አይወድም። ወደ አምበሪቾ የወጣሁት እጮኛዬ ስለለመነኝ ነው። እሱም የለመነኝ ታላቅ እህቱ ቀረብ ብላ ልታየኝ ስለፈለገች ነው።

ከፋሲካ በኋላ ወደ እኛ ቤት ሽማግሌ ለመላክ ቤተሰቦቹ ተነጋግረው ጨርሰዋል። በቤታቸው የመጨረሻው ቃል የእህትየዋ ነው። አባታቸው ካረፉ ጀምሮ ታናናሾቿን ያስተማረችውም የዳረችውም እሷ ናት። እሷ እሺ ካለች ሁሉም እሺ ይላል፤ ፊቷን ካጠቆረች ነገሩ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ሽርሽር ይባል እንጂ ለእኔ ፈተና ነበር። ፈተናውን ማለፍ እፈልግ ነበር፤ ለምን እዋሻለሁ? ሰውየውን እወደው ነበር።

እሱ የማያውቀው አንድ ነገር አለ። እናቴ ከከምባታ ናት፤ ከሸክላ ሠሪ ቤተሰብ። አገሩን ለማያውቅ ይህ ምንም ላይመስለው ይችላል። በእኛ አካባቢ ግን ሸክላ ሠሪ ማለት ድስቱን ተከራክረህ የምትገዛው፣ ጀበናውን ለእንግዳ የምታሳይለት፣ ራሱን ግን ከበር የማታሳልፈው ሰው ነው። ድሮ ደጅ ተቀምጦ በእንሰት ቅጠል ነበር የሚቀርብለት። በባለቤቶቹ ሳህን ከበላ ሳህኑ ይሰበራል። ያ ቀርቷል ይባላል። ሕጉም ከልክሏል፤ የጴንጤ ቤተ ክርስቲያናችንም ሁላችሁም አንድ ናችሁ ብላ እሑድ እሑድ ታስተምራለች። ጋብቻ ሲመጣ ግን ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው የእናትን ጎሳ፣ የአያትን ጎሳ እያሉ ወደ ኋላ መቁጠር ይጀምራሉ። ያን ጊዜ ቀረ የተባለው ሁሉ ተነሥቶ ቁጭ ይላል።

አባቴ ሀዲያ ነበር፤ አስተማሪ። እናቴን ሲያገባ ወንድሞቹ ፊት ስለነሡት ሆሳዕና መጥተው ማንም በማያውቃቸው ሰፈር ተከራዩ። አባቴ ሞተ። እናቴ ግን ጎሳዋን ለሚጠይቃት ሁሉ ከልጅነት ጎረቤቶቿ የተዋሰችውን ስም እስከ ዛሬ ትናገራለች። እኔም አድጌ እስክጠይቃት ድረስ እውነት ነበር የሚመስለኝ። ለእጮኛዬ ግን ሽማግሌ ከመምጣቱ በፊት እነግረዋለሁ ብዬ ቆርጬ ነበር። ተራራው ጫፍ ላይ፣ አገሩን ቁልቁል እያየን፣ ለእሱ ብቻ። ጥሩ ቦታ መስሎኝ ነበር።

ጠዋት ከመናኸሪያ በሚኒባስ ተራራው አጠገብ ያለችው አንጋጫ ከተማ ወረድን። እህትየዋ ጋባዥ ሆና ክትፎ አዘዘችልን፤ ሳንጠየቅ ተጨማሪም መጣ። ሦስታችንም በደንብ በላን። ክትፎውን ልብ ብላችሁ ያዙልኝ፤ በኋላ ያስፈልገናል። ከዚያ ሽቅብ ጀመርን። እሷ ከፊት፣ እኛ ከኋላ፤ ደግሞ ማለክለኬን እየሰማች ዞር ትልና ይቺ ልጅ እንጀራ ጋጋሪ እንጂ ተራራ ወጪ አትሆንም እያለች ትስቃለች። እስቃለሁ። ምን አማራጭ አለኝ። ጫፉ ላይ ስንደርስ ከእጮኛዬ ጋር ለብቻ የመቆም ዕድል አላገኘሁም። እህቱ በሁሉም ፎቶ ውስጥ በመካከላችን ነበረች።

መመለሻው ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው። እህትየዋ የወጣንበት ደረጃ በሚጮሁ ጎረምሶች ተሞልቷል ብላ በሌላኛው ወገን አቋራጭ አለ፣ ከተራራው ሥር ያደረሰን ባጃጅ ነጂ ነግሮኛል አለች። እሺ አልን። ትንሽ እንደወረድን ጉም መጣ፤ ጉሙን ተከትሎ ዝናብ፣ ዝናቡን ተከትሎ በረዶ። የሚያዝያ በረዶ እንዴት እንደሚመታ የሚያውቅ ያውቀዋል። መንገዱ ጎርፍ ሆነ። እህትየዋ ወድቃ ጭቃ ለጭቃ ተንሸራተተች፤ እኔና እሱ በክንዷ ጎትተን አነሣናት። መብረቁ ከበላያችን ሳይሆን ከጎናችን የሚመታ ነበር የሚመስለው። ሲመሽ የት እንዳለን አናውቅም፤ ስልካችንም ኔትወርክ የለውም። እውነቱን ለመናገር እዚያ የምንሞት መስሎኝ ነበር።

የፍየል ድምፅ ሰማንና ወደዚያው ሄድን። አንዲት የሣር ጎጆ ነበረች፤ ተዳፋቱ ላይ ብቻዋን፣ ከእንሰት ጓሮ ፊት። አንድ ሽማግሌ በር ከፍተው ምንም ሳይጠይቁ ግቡ አሉን። ባለቤታቸው እሳቱ ላይ እንጨት ጨመሩ፤ ያላቸውን ደረቅ ጨርቅ ሁሉ አወጡልን። እጮኛዬ እጁን ዘርግቶ ለጌታ ምስጋና ጸለየ፤ ቤቱንም ባለቤቶቹንም ባረከ። ጸሎት ላይ ጎበዝ ነው። እህቱ እጄን በሁለት እጇ ይዛ እያሸች ታሞቀኝ ነበር። ያን ጊዜ እህት ያለችኝ መሰለኝ፤ ከልቤ ነው የምለው።

ከዚያ ዓይናችን ጨለማውን ለመደ። በግድግዳው ሥር ገና እሳት ያልገቡ ድስቶች ተደርድረዋል፤ ቶሎ እንዳይደርቁ በእንሰት ቅጠል ተሸፍነዋል። ከጎናቸው የጭቃ ክምር አለ። እህትየዋ እጄን ለቀቀች። ከተቀመጠችበት ምንጣፍ ተነሥታ ቦርሳዋን መሬት ላይ አድርጋ እሱ ላይ ተቀመጠች። ለወንድሟ በሀዲይኛ አንድ ቃል ጣል አደረገችለት። እሱም ከምንጣፉ ተነሣና ቁጢጥ አለ።

ሽማግሌው ቢላዋ ይዘው ወደ ውጭ ወጡ። በረዶው እንደዚያ እየወረደ ምን ሊያደርጉ ነው ብዬ ነበር፤ ፍየል ሊያርዱልን መሰለኝ። ሲመለሱ ከጭንቅላታቸው እስከ እግራቸው ውሃ ሆነው፣ እጃቸው ላይ አንድ ሰፊ አዲስ የእንሰት ቅጠል ነበር። ሴትየዋ ተቀብለው እሳት ላይ ለብ አደረጉት፤ ቆጮውንና ጎመኑን እሱ ላይ ቆረስ ቆረስ አድርገው አቀረቡልን። ቅጠሉ አሁን የተቆረጠ ነው፣ የእኛ ዕቃ አልነካውም አሉ፤ በተሰባበረ አማርኛ፣ ይቅርታ በሚጠይቅ ድምፅ።

የእሳቸው ቤት፣ የእሳቸው ምግብ፣ ሳህናቸውም እዚያው ከጎናቸው ተቀምጦ። እኛ እንዳንጸየፍ ብለው ነው ሰውየው በበረዶ የተደበደቡት። ደጅ ለተቀመጠ ሸክላ ሠሪ የሚቀርበውን ቅጠል ለእኛ አቀረቡልን።

ሁላችንም ርቦን ነበር፤ የእጮኛዬ ሆድ ሲጮህ ሰምቻለሁ። እህትየዋ ግን ፈገግ ብላ ጌታ ይባርካችሁ አለች፤ እኛ የሦስት ቀን ጾምና ጸሎት ላይ ነን፣ ውሃም አንቀምስም አለች። ክትፎው ገና ከጥርሷ መካከል አልወጣም። እጮኛዬን አየሁት። ዓይኑን እሳቱ ላይ ተክሎ፣ አዎ፣ ጾም ላይ ነን አለ። ቅድም ቤቱን የባረከበት አፍ ነው።

ሴትየዋ ቅጠሉን ወደ ራሳቸው ሳቡት። ሽማግሌው እርጥብ ጋቢያቸውን እየጨመቁ ሳቅ አሉ። ቁጣ የለበትም ሳቁ።

«እኛ ቤት የሚገባ ሰው ሁሉ ጾመኛ ነው» አሉ።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን አስቤ አላደረግኩትም። ወደ ሴትየዋ ተጠጋሁና «እናቴ፣ ለእኔ በሳህናችሁ አድርጉልኝ» አልኩ። አልገባቸውም መሰለኝ። ሳህኑን እኔው አነሣሁና ቆጮውን ገልብጬበት መብላት ጀመርኩ። እጮኛዬ ስሜን ጠራ። እህቱ ልጄ፣ ጾሙን ልታፈርሺው ነው እንዴ አለች፤ አሁንም በፈገግታ፣ መውጫ ልትሰጠኝ።

«የምን ጾም?» አልኳት። «እኔ የሸክላ ሠሪ ልጅ ነኝ። የእናቴ አባት ሲሞት ጭቃ እየረገጠ ነው የሞተው። ይህ የእናቴ ቤት ምግብ ነው።»

ተናገርኩት። በጥንቃቄ፣ በተመረጠ ቦታ፣ ለአንድ ሰው ብቻ ልነግር የነበረውን አፌ ቆጮ እንደሞላ ለሁሉም ነገርኩ። ከእጮኛዬና ከእህቱ በፊት የደነገጡት ሴትየዋ ናቸው። ክንዴን ያዙኝና በከምባትኛ፣ እናቴ ቤት ውስጥ በምታወራበት ቋንቋ፣ ዝም በይ ልጄ፣ እየሰሙሽ ነው አሉኝ።

ሌሊቱ እንዴት እንዳለፈ አትጠይቁኝ። እህትየዋ ቦርሳዋ ላይ እንደተቀመጠች የስልኳ ባትሪ እስኪያልቅ መዝሙር ከፍታ አደረች። እጮኛዬ ጉልበቱን አቅፎ ነጋለት። እኔ ጠግቤ ነበር፤ ከሴትየዋ ጎን ተጋድሜ በአንድ ቡሉኮ ተኛሁ። ተኛሁ ልበል እንጂ ዓይኔ አልተከደነም። ዝናቡ ሲያባራ የሁለቱ ሹክሹክታ ይሰማኝ ነበር፤ በሀዲይኛ፣ የአባቴ ቋንቋ መሆኑን የረሱ ይመስል።

ሲነጋ ሰማዩ ምንም እንዳላደረገ ሰው ጥርት ብሎ ነበር። ሽማግሌው መንገድ ድረስ ሸኙን። እህትየዋ ፊት ፊት ሄደች፤ እጮኛዬ ሆን ብሎ ወደ ኋላ ቀረልኝ። እንደሚቆጣኝ ጠብቄ ነበር። አልተቆጣም። እጄን ያዘና ለእሱ ምንም ማለት እንዳልሆነ ነገረኝ፤ ሰው ሰው ነው አለኝ። ሌሊቱን ሙሉ ሲያስብ እንዳደረና መላ እንዳገኘም ነገረኝ።

«ለእኔ ብቻ ብትነግሪኝ ተደብቆ ይቀር ነበር» አለ። «አሁንም አልረፈደም። ሰዎቹ ስላሳዘኗት ነው እንደዚያ ያለችው ብዬ ለእህቴ እነግራታለሁ። እሷም ማመን ትፈልጋለች። አንቺ ብቻ አዎ በይ።»

እስቲ ላስብበት አልኩት። ይህን ስነግራቸው የሚገርማቸው ሰዎች አሉ፤ እኔ ግን እውነቴን ነበር። የምወደው ሰው እጄን ይዟል፤ የሚጠይቀኝ አንድ ቃል ነው፤ ያንን ቃል እናቴ በየቀኑ ስትናገረው ኖራለች። እስከ ሆሳዕና ድረስ ሚኒባሱ ውስጥ አሰብኩበት። አዎ ወደማለቱ አዘንብዬ ነበር ቤት የገባሁት።

እናቴ በረንዳው ላይ ጎመን ትቀነጥሳለች። ጭቃ የለበሰ ሱሪዬን አይታ ደነገጠች። ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኳት፤ ቅጠሉን፣ ጾሙን፣ ያልኩትን፣ ልጁ ያመጣውን መላ። ትኮራብኛለች ብዬ ነበር፤ ቢያንስ ታለቅሳለች ብዬ። ጎመኑን አስቀምጣ እህትየዋ ፊቷ እንዴት ነበር፣ ማመን ትፈልጋለች ያለው እውነቱን ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ከዚያ ልጁ አስተዋይ ነው አለች።

አንቺን ልክድሽ ነው ወይ አልኳት። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። እሷ ጎረቤት እንዳይሰማ ወደ አጥሩ ዞር ብላ አየች።

«አንቺ መካድ ካቃተሽ እኔ እክዳለሁ» አለችኝ። «ሽማግሌዎቹ ይምጡ። እናቷ ሀዲያ ነበረች፣ ስትወልዳት ሞተች፣ እኔ አሳዳጊዋ ነኝ እላቸዋለሁ። በሠርግሽ ቀን ጓዳ እሆናለሁ፤ ማን ያየኛል?»

ያኔ ያሰበችው አልነበረም። ቃሉ ሁሉ ቦታ ቦታውን ይዟል፤ የሞተችውን ሴት እንኳን ዘሯን መርጣላታለች። እኔ ጡት ከምጠባበት ጊዜ ጀምሮ ሲዘጋጅ የኖረ ነገር ነበር። ተናግራ ስትጨርስ ጎመኗን መልሳ አነሣች።

እዚያው ተቀምጬ ደወልኩለት። ሽማግሌ እንዳይልክ ነገርኩት። ለምን፣ መላ አግኝተናል እኮ አለ፤ እህቱ ልትስማማ ምንም እንዳልቀራት ነገረኝ። እናት ስላለችኝ ነው አልኩትና ዘጋሁት።

በዚያው ዓመት ከጃጁራ ከተማ አንዲት ልጅ አገባ፤ ሠርጉ የደመቀ ነበር ይላሉ። ያን ቀን ስደውልለት እናቴ ከጎኔ ሆና የመለስኩለትን ሁሉ ሰምታለች። ቀና ብላ እንኳን አላየችኝም። ምን ነበረበት አለች፤ ከዚያ ወደ ቤት ገባች። እስከ ዛሬ ይቅር አላለችኝም።