ሌላው ዓይን

ትናንት ፍኖተ ሰላም ባለው ቤቴ ለሥዕል ሸራ የምቀባውን የቆዳ ሙጫ ሳፈላ፣ ሽታው ወደ ልጅነቴ፣ ቡሬ ወዳለው አያቴ ቤት መለሰኝ። አያቴ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበሩ። በሥዕላቸው ጻድቃን ሁሉ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን ያያሉ፤ ሰይጣንና ክፉዎች ግን ከጎን፣ በአንድ ዓይን ብቻ።

አንድ ቀን ጎንበስ ብለው ሸራውን ሙጫ ሲቀቡ፣ ከጎናቸው ሆኜ ግድግዳው ላይ በከሰል ሣልኋቸው። የታየኝ አንድ ዓይናቸው ነበርና አንዱን ብቻ አደረግሁላቸው።

እናቴ ስታየው ጮኸች። «ምን ጉድ ነው! አባባን ሰይጣን አደረግሻቸው?» ብላ እርጥብ ጨርቅ አነሳች። እኔ ከሰል የያዘውን እጄን ከኋላዬ ደበቅሁ።

አያቴ ግን ሥዕሉን ትክ ብለው አዩት። «ተይ፣ አታጥፊው» አሏት። «እኔ ይህን ሁሉ ዘመን የሣልሁት የተነገረኝን ነው። እሷ ያየችውን ሣለች።»

ንግግራቸው ያኔ አልገባኝም። የገባኝ ቀጥሎ ያደረጉት ነው፤ በርጩማቸውን አዙረው ተቀመጡና «በይ፣ የቀረውን ዓይኔን ደግሞ ከዚህ ሣዪልኝ» አሉኝ።

ትናንት ሙጫው እየፈላ ዞር ስል፣ ትንሿ ልጄ ከጎኔ ተቀምጣ በእርሳስ እኔን ትሥላለች። አየሁት፤ አንድ ዓይን ብቻ ነው የሰጠችኝ።

ወንበሬን አዙሬ ተቀመጥሁላት።