እርጥብ ቀለምና መስቀል

በ፲፱፻፷፫ ዓ.ም. ጥር ወር ለንግሥ በዓል ከቢቸና ወደ ሞጣ ሄጄ ነበር። በገበያው ዳር ሳልፍ እማሆይ ወለተ ሐና የሚባሉ ዓይነ ስውር ባልቴት የበትራቸው ስንጥር እጃቸውን ወግቷቸው ቆመዋል። ከአንድ ደጃፍ እጁ እስከ ክርኑ የቀላ ሰው ወጣና በትሩን ተቀበላቸው። በመላጊያ ላገው፣ በጉንጩ ዳሰሰው፣ መለሰላቸው። ሊመርቁት ሲጀምሩ ግን ፊቱን እንዳኮሳተረ፣ «ይሂዱ እማሆይ፤ ዛሬስ አሜን የምልበት አፍ የለኝም» አላቸው።

እንዲህ የተቆጣ ሰው እንዴት ቸር ሆነ ብዬ፣ መጽሐፌን በብብቴ እንደያዝኩ ተከትዬው ገባሁ።

ስሙ ወልደ ኪዳን ነው፤ አናጢ። ቤቱ መካከል ለማግስቱ ንግሥ የታዘዘ አትሮንስ ቆሟል። ፊደልን በራሴ ጥረት የለየሁ ሰው ነኝና፣ መጽሐፍ የሚዘረጋበትን እንጨት ባየሁ ቁጥር አምላኬን አመሰግናለሁ። የዚህኛው የፊት ሳንቃ ግን ልክ መሃሉ ላይ ጥቁር መስመር ተጋድሞበታል።

«ምን ነካው?» አልኩ።

«መስቀል ነካው!» አለ።

ቀለሙ ሴቶች የስፌት አለላ የሚነክሩበት ዱቄት ነው፤ ከነጋዴው ከሰይድ ገዝቶ በውሃ በጥብጦታል። በእጅ የተላገ ዋንዛ ቀለም ቶሎ ይጠጣል። ስለዚህ የእንጨቱን ጅማት ተከትሎ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ሳያቋርጡ በጨርቅ መቀባት ነው። እጅ መሃል ላይ ከቆመ ጫፉ ይደርቃል፤ ሲመለሱበት ቀለም በቀለም ላይ ይደረብና ይጠቁራል። ጧት ሳንቃውን ሲያጋምስ የደብሩ ቄሰ ገበዝ ገብረ ሕይወት ገብተው መስቀላቸውን ዘረጉ። መስቀል ተዘርግቶለት ማን ይቀመጣል? ጨርቁን ጥሎ ተነሣ፤ ተሳለመ፤ ስለ ቤተሰቡ ተጠየቀ፣ መለሰ። ወደ ሥራው ሲዞር ቀለሙ ደርቋል።

እሳቸውም መስመሩን አይተው፣ «የአህያ ጀርባ አስመሰልከው እኮ! ለሥላሴ ቤት ነው ይሄ?» አሉ።

«አህያዋን ይዘዋት የገቡት እርስዎ ነዎት፣ አባ!»

«ዝም በል! በዘይት ቀለም ድፍን ይደረጋል። ከሰዓት መጥቼ አስወስደዋለሁ።»

ወልደ ኪዳን ይህን ሲነግረኝ ጠረጴዛውን በቡጢ ይደበድባል። «ድፍን! የዋንዛውን ጅማት አየኸው? እንደ ወንዝ ነው የሚፈስ። እሱን ለመድፈን ከሆነማ ምን አስለፋኝ? መስቀሉ ሲዘረጋ ሳልነሣ ቁጭ ብል ኖሮስ? ‹ትዕቢተኛ አናጢ› የሚሉኝ እሳቸው ራሳቸው ነበሩ!»

እኔም ደሜ ፈላ። በማን ላይ እንደምቆጣ ግን ጠፋኝ፤ መስቀሉም ቅዱስ ነው፣ ሥራውም ለሥላሴ ነው።

«አሁንስ ምን ይሻላል?»

«መልሼ እልገዋለኋ!»

ሳንቃውን ፈትቶ መላግ ጀመረ። ቀዩ ፍቅፋቂ እየተጠቀለለ እግሩ ሥር ወደቀ፤ መስመሩም ጠፋ። የዋንዛው ጅማት እንደገና ሲወጣ ሳይ ደስ አለኝ። ወልደ ኪዳን ቀለሙን አማሰለ፤ ጨርቁን ነከረ፤ ከሳንቃው ጫፍ አሳርፎ መሳብ ጀመረ።

ያን ጊዜ ከውጭ፣ «እንደምን ዋላችሁ፣ ቤቶች!» የሚል የቄሰ ገበዙ ድምፅ ተሰማ።

ወልደ ኪዳን ዓይኑን ከእንጨቱ አላነሣም።

«ወንድሜ፣ መጽሐፍ በብብትህ ይዘሃል፤ ከቄስ ጋር ወግ አታጣም። እባክህ በሩ ላይ ቁምልኝ። ተሳለማቸው፣ ትርጓሜ ጠይቃቸው፣ ካሻህም ተከራከራቸው። ብቻ ጨርቁ ጫፍ እስኪደርስ መስቀሉን እንዳታስገባብኝ።»