ድረስ፣ ክበበው፣ ጣሰው፣ በላቸው፣ መልሰው

ሚኒባሱ ጎንደር መግቢያ ካለው ኬላ ሲደርስ ቆመ። ፈታሹ ሚሊሻ ማስታወሻ ደብተሬን ከቦርሳዬ አውጥቶ መሐሉ ላይ ገለጠና ጮክ ብሎ አነበበ።

«ድረስ። ክበበው። ጣሰው። በላቸው። መልሰው።»

ከጎኔ የተቀመጡት ሴትዮ አማተቡና በመካከላችን የነበረውን ዘንቢል ወደ ራሳቸው ሳቡት።

«የሰው ስም ነው» አልኩ።

«የማን?»

«የአንድ ሰው ልጆች ናቸው። አምስት ወንድማማቾች።»

ሚሊሻው ገጹን አየ፣ እኔን አየ። «ውረድ» አለኝ።

አልፈረድኩበትም። ስልክ የተቋረጠበት፣ በየመንገዱ ፍተሻ የበዛበት ጊዜ ነበር። ደብተሩ ላይ የአባት ስም የለም፤ አምስት ትእዛዞች አንዱ ከሌላው ሥር ተደርድረዋል። አማርኛ የሚያውቅ ሰው ሁሉ እንዲያ ሊያነበው ይችላል። እኔ ግን የመጣሁት ከመካነ ብርሃን ነበር። ለምሠራበት ጋዜጣ ስለ ሰው ስም ትርጉምና አመጣጥ እየጻፍኩ ስለነበር፣ ገበያ ላይ ካገኘኋቸው አንድ አባት የልጆቻቸውን ስም ወስጄ እየተመለስኩ ነበር።

ያስገቡኝ ከፒያሳ ብዙም ከማይርቅ ጣቢያ ነው። ክፍሉ ቀድሞ የማዳበሪያ መጋዘን የነበረ ይመስለኛል። ግድግዳው እስከ ወገብ ድረስ ነጭ አቧራ ይዟል፤ ሽታው ዐይን ያቃጥላል። በእርምጃ ለካሁት፤ ሰባት በአምስት። አሥራ አራት ሰው ነበረበት። ከጣሪያው ሥር ባለች አንዲት ቀዳዳ ብርሃንና የባጃጅ ጡሩንባ ይገባሉ።

የክፍሉን ሥርዓት የሚያስከብረው እስረኛ ካቦ ይባላል። ካቦአችን አዲስ ዓለም ሰፈር ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበር። ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝና፣ ልክ እንደሚወስድ ሰው፣ የምተኛባትን ቦታ በስንዝር ሰፍሮ ሰጠኝ።

«በምን መጣህ?»

«በስም።»

«በማን ስም?»

«በአምስት ሰው።»

«ሌላው በራሱ ስም ይታሰራል፤ አንተ በአምስት!» አለና ነጠላ ጫማዬን ከሌሎቹ ጋር ደረደረው።

መርማሪው በማግስቱ ጠዋት ጠራኝ። ዕድሜው ከእኔ ያንሳል፤ ድምፁን ከፍ አያደርግም። አልመታኝም፣ አልሰደበኝም። ይህንንም የምጽፈው እውነት ስለሆነ ነው።

«ክበበው ማን ነው?»

«ሁለተኛው ልጅ ነው።»

«የሚከበበው ማን ነው ማለቴ ነው።»

«ያው ልጁ ነው። ወንድሞች ይክበቡት፣ ብቻውን አይቅር ማለት ነው።»

«ጣሰውስ?»

«በኩፍኝ ጊዜ ነው የተወለደው። በሽታውን ጣሰው ነው።»

«በላቸው? እነማንን?»

«አባትየው ያኔ ከጎረቤቶቻቸው ጋር በድንበር ይሟገቱ ነበር።»

«መልሰው?»

«ከእሱ በፊት አንድ ልጅ ሞቶባቸዋል።»

ገጹን ገለበጠ። ቀጣዩ ገጽ ነገሩን አባሰው። እዚያ ላይ ከሌላ ሕዝብ፣ ከሌላ ቋንቋ የመጡ ስሞችን ከነትርጉማቸው ጽፌ ነበር። ዲቦራ፣ ንብ። ዮናስ፣ ርግብ። ራሔል፣ በግ። ጴጥሮስ፣ ዓለት። ሐይደር፣ አንበሳ። ጊዮርጊስ፣ ገበሬ። መርማሪው በጣቱ እየተከተለ ሁሉንም አነበበ።

«የምስጢር መጠሪያ» አለ። «ንቧ ማን ናት?»

«ዲቦራ የዕብራይስጥ ስም ነው። ሐይደር ዐረብኛ ነው። ጊዮርጊስ ደግሞ በግሪክኛ ገበሬ ማለት ነው።»

«ጊዮርጊስ ገበሬ?» ለመጀመሪያ ጊዜ የተቆጣ መሰለ። «ፈረስ ላይ ተቀምጦ፣ ጦር ይዞ ተሥሎ እያየሁ ነው ያደግኩት!»

መካነ ብርሃን ደውሎ አባትየውን እንዲጠይቅ ለመንኩት። ስልክ እንደሌለ አንተም ታውቃለህ አለኝ። አዘጋጅቶ የጠበቀውን ወረቀት ወደ እኔ ገፋው። በደብተሬ የተገኘው ጽሑፍ በሰው ስም የተሸፈነ የጥቃት ትእዛዝ መሆኑን አምኛለሁ ይላል። ከፈረምኩ ነገሩ ይቀልልኛል፤ ካልፈረምኩ መዝገቡ በማግስቱ እንዳለ ወደ በላይ ይሄዳል፣ እኔም ወደ ሌላ ቦታ እዛወራለሁ። የት እንደሆነ ጠየቅኩ። አልነገረኝም።

«እስከ ነገ አስብበት» አለኝ።

ክፍሉ ተመልሼ የሆነውን እንደ ዜና፣ ከመጀመሪያው ወደ መጨረሻው ተናገርኩ። ከጃናሞራ የመጡ አንድ ሽማግሌ ጥግ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ያዳምጡ ነበር። ሁላችንም አያ እንላቸዋለን። «በላቸው? እነማንን?» የሚለው ላይ ስደርስ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ያለቀሱ መስሎኝ ነበር። ይስቁ ነበር።

«ምነው፣ ይኸ ልጅ አያት የለውም እንዴ? ክርስትና ቤት ተጠርቶ አያውቅም?»

«አያ፣ እርስዎንስ ቆጠራ ላይ ምን ብለው ነው የሚጠሩዎት?» አላቸው ካቦው።

«በቀን ሁለት ጊዜ ‹አትርሳው! አትርሳው!› እያሉ ይጮሃሉ። እስተ ዛሬ ማን አስታወሰኝ ታዲያ?»

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ካቦው ግን ከንፈሩ መርፌ የያዘ ይመስል ጥቂት አሰበ።

«እንግዲያው ቆጠራ ላይ እንንገራቸው» አለ። «እያንዳንዱ ሰው ስሙ ሲጠራ ትርጉሙን ይናገር።»

የቆጠራ ደንብ አንድ ነበር። ስምህ ሲጠራ «አቤት» ትላለህ፤ ሌላ ቃል ከወጣ ክፍሉ በሙሉ በማግስቱ ፀሐይ አይወጣም። ፀሐይ ለግማሽ ሰዓት ብቻ ነበረች፤ አሥራ አራት ሰው ቀኑን ሙሉ የሚጠብቃት። በእኔ ምክንያት እንዳትከለከሉ አልኩ።

«ተወኝ እባክህ» አሉኝ አያ። «ሸጋዋ ፀሐይ ያለችው ጃናሞራ ነው። ስገባ እሞቃታለሁ።»

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ግቢው ውስጥ ተሰለፍን። የመርማሪው ቢሮ መስኮት በግቢው በኩል ነው፤ ክፍት ነበር። ቆጣሪው ፖሊስ መዝገቡን ከፈተ። ከዚህ በታች የምጽፈው ስማቸውን ብቻ ነው፤ የአባታቸውን ትቼዋለሁ። ያለ አባት ስም የተጻፈ ስም ባለቤቱን እንደማያስይዝ ከዚያ ቀን ጀምሮ አምናለሁ።

«ምትኩ!»

«ከእኔ በፊት በሞተው ወንድሜ ምትክ የተወለድኩ። አቤት።»

ፖሊሱ ቀና አለ። «ምን አልክ?»

«ስሜን ነው የተናገርኩት።»

ፖሊሱ ግራ ገብቶት ወደ መዝገቡ ተመለሰ። «ሽፈራው!»

«ሽህ ሰው ፈራው ማለት ነው። እስካሁን አንድም ሰው አልፈራኝም። አቤት።»

ከሰልፉ ሳቅ አመለጠ። «ጸጥታ! ከሪም!»

«ቸር ማለት ነው፤ ዐረብኛ ነው» አለ ካቦው። «ሱሪ የሰፋሁላቸው ሰዎች ግን አይስማሙበትም። አቤት።»

ከጭልጋ የመጣው መምህር ተራው ሲደርስ፣ መዝገቡ ላይ ያለው ስም ትምህርት ቤት ሲገባ የወጣለት አማርኛ መሆኑን፣ አያቱ ግን በቅማንትኛ ዝናብ ብላ ትጠራው እንደነበር ተናገረ። የአያቱንም ቃል ጮክ ብሎ አለው። ያን ቃል እዚያ ጣቢያ ከዚያ በፊት ማንም ጮክ ብሎ ያለው አይመስለኝም። ከስድስተኛው ስም በኋላ ቆጣሪው መከልከሉን ተወው። ስም ይጠራና ቀና ብሎ ይጠብቃል፤ የሚጠብቀው «አቤት»ን ሳይሆን ከእሱ በፊት የሚመጣውን ነበር።

«አትርሳው!»

አያ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ፊታቸውን ያዞሩት ወደ ቆጣሪው አልነበረም፤ ወደ ክፍቱ መስኮት ነበር።

«እናቴ ናት ያወጣችልኝ። አባቴ እኔ ሳልወለድ ሞተ። ትእዛዝ ነው፣ እውነት ነው፤ ግን ያዘዘችው እግዜርን ነው እንጂ ሰውን አይደለም። ያገሬ ሰው ልጁን ሲጠራ እግዜርን ነው የሚያዝ። አቤት!»

ያን ሁሉ ስም ስሰበስብ፣ ያን ሁሉ ሰው ስጠይቅ፣ ይህን ዓረፍተ ነገር ማንም አልነገረኝም ነበር። ድረስ፣ ክበበው፣ ጣሰው፣ በላቸው፣ መልሰው። ታዛዡ አንድ ነበር።

ከዚያ የእኔ ስም ተጠራ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ፤ የነገሩ ባለቤት እኔ ነኝና ትልቁን ከእኔ ይጠብቃሉ።

«የቃሉን ትርጉም አውቀዋለሁ» አልኩ። «ለምን እንደወጣልኝ ግን አላውቅም። ጠይቄ አላውቅም። አቤት።»

ካቦው በክርኑ ጎሸመኝ። «ምናለ የሆነ ነገር ብትፈጥር!» አለ በሹክሹክታ።

በማግስቱ ክፍሉ በሙሉ ፀሐይ ተከለከለ። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረኝም። ቀትር ላይ መርማሪው አስጠራኝ። ደብተሬ ፊቱ ተከፍቷል፤ የሚፈረመው ወረቀት አጠገቡ ነው።

«ትፈርማለህ?»

«አልፈርምም። ውሸት ነው።»

አልተናደደም። «ትናንት ሁሉም የራሱን አወቀ» አለኝ። «አንተ ብቻ አላውቅም አልክ። ይህን ነገር ለመሸፋፈን የፈጠርከው ቢሆን ኖሮ፣ ከሁሉም በፊት ለራስህ ስም ታሪክ ታዘጋጅ ነበር።»

ከዚያ ደብተሩን አዙሮ አሳየኝ። ከ«በላቸው» ጎን በደቃቃ ጽሕፈት የጻፍኩት ነበር፦ «በእርግጥ በድንበር ክርክር ነው? እናትየው ይጠየቁ።» ልማዴ ነው። አንድ ሰው የነገረኝን ሌላ ሰው ሳያረጋግጥልኝ አላትምም።

«ጥቃት የሚያዝ ሰው ‹እናትየው ይጠየቁ› ብሎ አይጽፍም» አለ መርማሪው። ያዘጋጀውን ወረቀት ለሁለት አጥፎ ቀደደው፤ አሁንም ድምፁን ከፍ አላደረገም። በደጁ ስወጣ ግን ጠራኝ።

«ጊዮርጊስ እውነት ገበሬ ማለት ነው?»

«እውነት ነው።»

«እናቴ ደስ ይላታል» አለ። «ገበሬ ናት።»

የመልቀቂያው ጽሑፍ ብዙ ጠረጴዛ ስለዞረ ወደ ንብረት ክፍሉ የደረስኩት ቀኑ ሲያዘነብል ነው። ዕቃ አስረካቢው ቦርሳዬን፣ ቀበቶዬንና ደብተሬን አውጥቶ መረከቢያውን ሰጠኝ። ከመፈረሜ በፊት አነበብኩት። በሦስተኛው መስመር «አጠራጣሪ ጽሑፍ የያዘ ማስታወሻ ደብተር፣ አንድ» ይላል።

«ይህን አልፈርምም» አልኩ።

«ወንድሜ፣ ውጣ ተብለሃል እኮ!»

«እወጣለሁ። አጠራጣሪ ጽሑፍ ግን የለኝም። የሰው ስም የያዘ ብለው ይጻፉልኝ።»

«አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በሩ ይዘጋል። ካመለጠህ ዛሬም እዚሁ ነህ።»

«እጠብቃለሁ» አልኩና አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ።

ካቦው በስንዝር ወደ ሰፈረልኝ ቦታ መመለስ አልፈልግም ነበር። በዚያው ቅጽበት ከውጭ የማታው ቆጠራ ተጀመረ። የእኛ ክፍል ተራ አልነበረም። የሴቶቹ ክፍል ነበር።

«የኔነሽ!»

«አባቴ ሌላ ስም ሲያወጣልኝ እናቴ እምቢ ብላ ያወጣችው ነው! አቤት!»

ግቢው በሳቅ ተናጋ። ዕቃ አስረካቢው እስክሪብቶውን ይዞ በመስኮቱ ተመለከተ። ቀጣዩ ስም ተጠራ፣ መልሱ መጣ፤ ሌላው ተጠራ፣ መልሱ መጣ። ሰውየው ጠረጴዛው ላይ አጎነበሰ፣ «አጠራጣሪ ጽሑፍ» የሚለውን በአንድ መስመር ሰረዘና ከበላዩ ጻፈ። ማኅተም መታበት። ፈረምኩ።

በዚያው ሳምንት ኮላ ድባ ወርጄ እናቴን ስለ ስሜ ጠየቅኋት። «አገሩን ሁሉ ስም ስትጠይቅ ከርመህ የራስህን ገና አሁን?» አለችኝና ነገረችኝ። ረጅም ነው፤ ጎረቤቶችም አሉበት። አላትመውም። ጽሑፉ ግን ታተመ፤ የበላቸውን እናት ካገኘሁና ከጠየቅኩ በኋላ። ድንበሩ እውነት ነበር። አያም ተፈትተው ጃናሞራ መግባታቸውን የሚያውቋቸው ሰዎች ነገሩኝ።

አሁን አብረውኝ የሚሠሩ ወጣት ጋዜጠኞች አንዳንድ ጊዜ ስለዚያ ቤት ይጠይቁኛል። ምን ደረሰብህ ይሉኛል፤ ያየሁትን እነግራቸዋለሁ፣ አልጨምርም። ምን አተረፍክ ሲሉኝ ደግሞ ሁለት ቃል እላቸዋለሁ። በጣቢያው መዝገብ፣ ማኅተም ባረፈበት ወረቀት፣ በዕቃ አስረካቢው ጠማማ ጽሕፈት ዛሬም ተጽፈው የሚገኙ ሁለት ቃላት፦ የሰው ስም።